ማተብ ያሰሩ ውሾች

በሁዳዴ መካኒሳ አቦ መንገድ ላይ ቁራጭ ሥጋ ወድቆ ከታየ፣ ያ ሥጋ መርዝ ነው። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ቢላዋው ተሰቅሏል፣ ከማንም ጓዳ አጥንት አይወጣም፤ ታዲያ ሥጋው ከየት ይመጣል? የማያውቅ ውሻው ብቻ ነው። ውሻ ምን ጾም ያውቃል። ስንት ሳምንት የሽሮ ፍርፋሪ ሲልስ ከርሞ አንድ ማለዳ ሥጋ የሸተተው እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይበላል፤ ለወረወረለትም ሰው ጅራቱን ይቆላል።

ተሾመች ይህን ጅራት መቁላት አይታዋለች። ካየችው ወዲህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር እንቅልፍ የላትም።

ተሾመች በአቦ በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ናት። ጧፉን ራሷ ነው የምትሠራው፤ ሰሙን አቅልጣ፣ ፈትሉን ነክራ፣ በገበታ ላይ እያንከባለለች። ከጧፉ ጎን ማተብ ትሸጣለች፤ ጥቁሩን ክር ገዝታ ሦስት ሦስቱን እያደረገች በጭኗ ላይ ትገምደዋለች። ባሏ የፋብሪካ ዘበኛ ነበር፣ ዕድሜ አልሰጠውም። ልጅ አልወለዱም። ቤቷ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ስድስት ክፍሎች አንዱ ነው፤ አልጋውና የጧፍ ገበታው ከገቡበት ወዲህ ሰው እንደልቡ አይዞርበትም።

ከውሻ ጋር የተገናኘችው ላፍቶ እርሻ በነበረበት በመጨረሻው ዘመን ነው። አሁን ፎቅ የቆመበት ሁሉ ያኔ ጤፍና ሽንብራ ነበር። መንገዱ መጣ፣ ቤቱ መጣ፣ ገበሬው ካሳውን ተቀብሎ በየፊናው ሄደ። በሬውን ሸጠ፣ ላሙን ነዳ፣ የጣራውን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ጫነ፤ ውሻውን ይዞ የሄደ ግን ጥቂት ነው። ለውሻ ደግሞ ተነሥ ብሎ የነገረው የለም። ቤቱ ፈርሶ፣ አጥሩ ተነቅሎ፣ ደጃፍ በነበረው ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዲት ያረጀች ቡላ ውሻ ነበረች፤ ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ ሆና ዶዘር ላይ ትጮሃለች፣ ሠራተኞቹም ይስቁባታል። ተሾመች ሰም ልታመጣ በዚያ ስታልፍ ቂጣ ወረወረችላት። ውሻዋ ሰው እያያት አልበላችም፤ ሴትየዋ ራቅ ስትል ነው ያነሳችው። እንዲህ እንዲህ ሲል ወር ሆነ። አንድ ቀን ተሾመች ዞር ብትል ከኋላዋ እየመጣች ነው። እነዚያ ሰዎች እንደማይመለሱ ያን ዕለት ቆረጠላት ማለት ነው። ተሾመች ሌላውን ሁሉ ረስታ ይህችን አትረሳም፤ አስፋልቱ ዳር ቆማ አልቅሳለች።

አንድ ሲሉ ሁለት ነው። ያችም ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ፤ እግሩ የተሰበረው፣ ዓይኑ የፈሰሰው፣ ከመኪና የተወረወረው ሁሉ ደጇን እየጠየቀ የመጣ ይመስል ወደሷ ሆነ። ከምግብ ቤቶች ቡሌ፣ ማለትም ከገበታ የተረፈውን ፍርፋሪ፣ በባልዲ እየለመነች ከአጥሩ ውጭ ታበላቸዋለች። ግቢ ማስገባት አይቻልም፤ የግቢው ባለቤት ገና ስታከራያት ነው የከለከለቻት። ቡችሎቹን ጡት ሲተዉ በየደጁ ይዛ እየዞረች ለጋራዥ ዘበኛ፣ ለእንጨት መጋዘን፣ ልጅ ላለው ቤት ታድላለች። ለቡ መብራት ኃይል አንድ ቤተሰብ ለልጆቹ መጫወቻ ወስዶ፣ ውሻው ባደገ ጊዜ ከበር ውጭ ጣለው አሏት። ሄደች። ወያላው ውሻ አልጭንም ቢላት በነጠላዋ አቅፋ በእግሯ መካኒሳ ድረስ አመጣችው። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ለሰው ያልተደረገ ብለው ሳቁባት፤ እሷም ለሰውማ ሰው አለው ብላ አለፈች። የእንስሳት ሐኪሞቹንም ቢሆን ቢሮ ለቢሮ እየተመላለሰች፣ የውሻ ጉዳይ ፎቅ ላይ ነው ታች ነው እየተባለች፣ አሰልችታቸው መጥተው ከተቡላት። እያንዳንዱን ውሻ አንገቱን ይዛ ያስወጋችው እሷ ናት። የተከተቡ ናቸው እንግዲህ፤ ግን ይህን ማን ያውቃል? ውሻ አንገት ላይ ወረቀት አይንጠለጠልም።

በዚያ ዓመት መጋቢት ሁለት፣ ማክሰኞ ቀን፣ መብራት እንጨቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ላፍቶ አካባቢ አንድ ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ነበርና፣ ሰኞ ዕለት ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይወገዳል፤ ውሻ ያለው ግቢው ውስጥ ይሰር፣ አንገቱም ላይ ምልክት ያድርግ ይላል። ተሾመች ፊደል በመጠኑ ትቆጥራለች፤ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ የለጠፈውን ሰው ተከትላ ምልክት የምትሉት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ገመድም ይሁን ክር፣ የታሰረ ነገር ብቻ ይኑረው፣ ሥጋውን አንገት አንገቱን እያየን ነው የምንወረውረው አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘ ነው።

ውሾቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ከሁሉ የምታሳስባት ደግሞ ቡላ ናት፤ የዚያች የላፍቶዋ ውሻ የልጅ ልጅ፣ መልኳም ስሟም የሷው። ከግቢው ጀርባ ተጀምሮ በቀረው ፎቅ ደረጃ ሥር አራት ቡችሎች ወልዳ ገና ዓይናቸው መገለጡ ነው። የምታጠባ ውሻ ሆዷ ባዶ ነው፤ ሥጋ ካየች አትተርፍም።

ያለፈው ዓመት ጨርቅ አስራላቸው ነበር፤ ግማሹን እነሱው አኝከው ጣሉት፣ ግማሹን ሰው ፈታው። ዘንድሮ የማይበጠስ ነገር ያስፈልጋል። ቤቷን ብትቃኝ በገፍ ያለው አንድ ነገር ነው፣ ክር። ማተብ ማተብ የሚሆነው ካህን ሲባርከው ነው፣ ይሄ ገና ገበያ ያልወጣ ክር ነው ብላ ከራሷ ጋር ተሟገተችና አሸነፈች። ሐሙስ ዕለት አንድ በአንድ እየጠራች አሰረችላቸው። እጇ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለመደውን ሦስት ገመድ፣ የለመደውን ቋጠሮ ነው የቋጠረው። ስትጨርስ ቀና ብላ ብታያቸው አሥራ ሁለቱም ክርስትና የተነሱ መስለዋል። ያን ጊዜ እንኳ አልታያትም፤ ደስ ነው ያላት።

በማግሥቱ መጋቢት አምስት ነው፣ ዓመታዊው የአቦ ንግሥ። በሩ ላይ ቦታ ለመያዝ ሌሊት ስለወጣች ውሾቹን አላበላችም። ወትሮ እስከ አስፋልቱ ተከትለዋት፣ የማይመታ ድንጋይ ወርውራ ትመልሳቸዋለች። ያን ቀን ጨለማው ነው መሰል አላየቻቸውም፤ እነሱም ረኃቡ ሲጠናባቸው በማሽተት ፍለጋዋን ይዘው መጡ። አራት ሰዓት ላይ፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ቡላ ጡቶቿን እያንዘላዘለች ከፊት፣ አሥራ አንዱ ከኋላ፣ በሰው እግር መሀል ሰንጥቀው ከተሾመች ጧፍ ፊት ቁጢጥ አሉ።

መጀመሪያ ያየቻቸው አጠገቧ ሻማ የምትሸጠው አምሳለ ናት።

«ተሾመች፣ ልጆችሽን መቼ ክርስትና አስነሳሽ? ጥሪም የለ?»

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብላ የቡላን አንገት አየች፤ ሳቁ እንደ ውኃ ደረቀ። ማተብ ነው። ማተብ በውሻ አንገት፣ በንግሥ ቀን፣ ታቦት ቆሞ። ወሬው ከሰው ሰው ዘለለ፤ አንዱ ድንጋይ አነሳ፣ ሌላው ተከተለው። ውሾቹ እየጮኹ ተበተኑ። የተሾመች ጧፍ በሰው እግር ተረጋግጦ አፈር ሆነ፤ እሷ ግን ጧፉን አላየችም። ዓይኗ ውሾቹ የሮጡበት ላይ ነበር።

ማምሻውን የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ እግራቸው ሥር ወደቀች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሰኞ የሚመጣውንም ነገረቻቸው።

«ያልተባረከ ክር ነው አባቴ። ደግሞስ አቦ ለተጠማችው ወፍ እንባቸውን አላጠጡም?»

«አጠጥተዋል» አሉ አባ። «ወፏ ግን ማተብ አላሰረችም።»

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ስግደት ሰጧት፣ ክሩን በሌላ ነገር ለውጪው፣ የሰው ልብ ቆስሏል አሏት። እሷም ተቀብላ ወጣች። ቅዳሜን ውሾቹን ስትፈልግ ዋለች። ድንጋዩ አስደንብሯቸዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ቆም ይሉና፣ አንድ እርምጃ ስትጠጋ ይሸሻሉ። እጇን ሲልሱ የኖሩት ናቸው የሚሸሹት። ከቡላ በቀር የቀረባት የለም።

እሑድ ድንኳን ተተክሎ የሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ምትኩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ለሰው ቀብር ዝናብም ጭቃም የማይሉ፣ የተሾመችን ባል ሳጥን ከፊት ሆነው የተሸከሙ። ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። የልጅ ልጃቸው በጥምቀት ሰሞን ክርስትና ሲነሳ ያሰረው ማተብ ከተሾመች የተገዛ ነው፤ ከዚያው ከውሾቹ ክር። አባላቱ ብዙ ተናገሩ፤ ያልተናገረ የለም ቢባል ይሻላል። መጨረሻ ላይ ክሩ አሁኑኑ ይቆረጥ፣ እምቢ ካለች ስሟ ከመዝገብ ይፋቅ ተባለ።

ስም መፋቅ ማለት ምን እንደሆነ ለተሾመች የሚነግራት አያስፈልግም። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት። ዕድር የሌለው ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ይወሰዳል። ስለ ራሷ ሞት ስታስብ የምትጽናናው በዚያ ድንኳን ብቻ ነበር።

ተነስታ ለመነቻቸው። ልቆርጥ ነው፣ ግን ገዲሴ ዘንድ የጥጃ ገመድ አለ፣ ሄጄ ላምጣና አንዱን ስፈታ አንዱን ልሰር አለች። ገዲሴ ወንዙ ዳር ያለች ጓደኛዋ ናት፤ የድሮዎቹ የላፍቶ ገበሬዎች ልጅ፣ አሁንም በተረፈቻት ቁራሽ መሬት ሦስት ላም የምታረባ። ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

«መጀመሪያ ይቆረጥ» አሉ ጋሽ ምትኩ። «ገመዱን ከዚያ ታመጪያለሽ።»

ቡላ ድንኳኑ አፍ ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ተከትላት መጥታ። የዕድሩ ጸሐፊ ኤልያቄም መቀስ አቀበላት። ተሾመች እንዴት እንደሄደች አታውቅም፤ ጎንበስ አለች፣ ቡላም አንገቷን ቀና አድርጋ ሰጠቻት። ቆረጠችው። ክሩ ሲበጠስ አንድ ሰው ከኋላ እሰይ ብሎ አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ቡላ ጭብጨባውን የንግሡ ቀን ድንጋይ መስሏት ነው፣ ተስፈንጥራ ወጥታ በቤቶቹ መሀል ጠፋች።

ገዲሴ ነገሩን ስትሰማ ብዙ አልጠየቀችም። «ማል ጎና» አለች፣ ምን እናድርግ እንግዲህ። የጥጃዎቿን ገመድ አምጥታ በማጭድ እየቆራረጠች አሥራ ሁለት አደረገችው፣ ጥጃዎቹንም በረት ዘግታባቸው አብራት ወጣች። የተሾመች ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ቡላ እናት ናት፣ ወደ ቡችሎቿ መመለሷ አይቀርም፣ እሷን ማታ አገኛታለሁ፤ አሁን የሚጠፉትን ልፈልግ። ልክ ነበር ሐሳቡ። ከሰው የሚጠበቅ ሐሳብ ነው።

ወንዙን ወርደው፣ በለቡ ዞረው፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ወጥተው፣ ገዲሴ እያባበለች፣ ተሾመች እየተንበረከከች፣ ሰባቱን ያዙ። ክሩን ፈትተው ገመድ አሰሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራቱ አልተገኙም። ተሾመች እየሮጠች ወደ ፎቁ ደረጃ ተመለሰች። ቡችሎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አፋቸው ላይ ወተት ደርቆ ተኝተዋል። ቡላ መጥታ፣ አጥብታ፣ ርቧት ተመልሳ ወጥታለች።

ተሾመች ገመዱን በእጇ ይዛ እዚያው ደረጃ ሥር አነጋች። ውጭ ኮሽ ባለ ቁጥር ቡላ፣ ቡላ ትላለች። አልመጣችም።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መኪናው በሰፈሩ አለፈ። ተሾመች ድምፁን ስትሰማ ወጥታ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሮጠች፤ የተወረወረ ሥጋ ስታይ እያነሳች በፌስታል ከተተች። ወደ ኪዳን የሚሄዱ ሴቶች በሁዳዴ ሥጋ የምትለቅም ሴት አይተው አማተቡ። ጣቷ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ቡላን ያገኘቻት ስትመለስ ነው። ደረጃው ጋ ደርሳለች። ቀጥ ብላ መራመድ አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ትሄዳለች፤ በአፏ ግን ቁራጭ ሥጋ ይዛለች። አንዱን በልታ አንዱን ለልጆቿ ነው ያመጣችው። ተሾመች ሥጋውን ከአፏ ስትነጥቃት አላጉረመረመችም። ከዚያ እግሮቿ ተገተሩ። ተሾመች ዘይት ፍለጋ ወደ ቤት በረረች፤ ጠርሙሱን ይዛ መጥታ ጥርሷን ፈልቅቃ አፈሰሰችባት፣ መልሶ ወጣ። እንደገና አፈሰሰች። ቡላ ጅራቷን አንዴ፣ ሁለቴ መሬት ላይ መታች፤ ሦስተኛው አልመጣም። አራቱ ቡችሎች እያሸተቱ መጥተው ጡቷን ያዙ። ተሾመች አንድ በአንድ እየመነጨቀች ነው ያላቀቀቻቸው፤ መርዙ ወደ ወተቱ ይለፍ አይለፍ አታውቅም፣ የሚነግራትም የለም።

ካልተገኙት አራቱ ሦስቱ በዚያ ቀን ሞቱ፤ አንገታቸው ላይ ክሩ አልነበረም፣ ማን እንደፈታው አልታወቀም። አንደኛው እስከ ዛሬ አልታየም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ ምትኩ በሯን አንኳኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። ነገሩ አልቋል፣ አባም ተናግረዋል፣ ስምሽ መዝገቡ ላይ እንዳለ ነው፣ ይህንኑ ልነግርሽ ነው የመጣሁት አሏት። ተሾመች ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ገዲሴ የላከችውን ወተት በፈትል እየነከረች ለቡችሎቹ ታጠባ ነበር። በጾም ወተት የሚገዛ የለምና ገዲሴ የፈለግሽውን ያህል ብላታለች።

«ይፋቁኝ ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምን አልሽ?»

«ስሜን ይፋቁት። ለሬሳዬ ብዬ የሷን ነፍስ ሰጠሁ። በገዛ እጄ ነው የቆረጥኩት።»

ጋሽ ምትኩ መግቢያው ላይ ቆሙ። ተቆጥታ ቢሆን መልስ አላቸው፤ እሷ ግን የዕቃ ዋጋ እንደምትነግር ነው የተናገረችው።

«እሺ፣ ማን ሊቀብርሽ ነው ታዲያ?»

«ቡላን ማን ቀበራት? እሷም ዕድር አልነበራትም።»

አንዷ ቡችላ ፈትሉን ትታ ወደ ጫማቸው ተንከባለለች፤ እግራቸውን ሳያነሱ ቁልቁል አዩዋት። ስንት ናቸው ብለው ጠየቁ። አራት ነበሩ፣ አንዱ ዛሬ ጠዋት አለቀ፣ ሦስት ናቸው አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ያችኑ ቡችላ ከጫማቸው ላይ አንስታ ዘረጋችላቸው።

«አንዷን ይውሰዱልኝ። ግቢ አለዎት። እዚህ አንድ ሳምንት አያቆዩኝም።»

ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መለሱት። ቤት ልጠይቅ አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ረቡዕ አልመጡም፤ ሐሙስም አርብም። ባለቤቲቱ ጩኸቱ አስተኛን ወይ እያለች በሩን መደብደብ ጀመረች። ተሾመችን በአቦ በር ላይ ያያት የለም፤ ቦታዋን ሌላ ሴት ይዛዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ቡችሎች ቅርጫት ውስጥ አስገብታ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋባቸው ወጣች። መጀመሪያ የጋሽ ምትኩን በር አንኳኳች፤ ከውስጥ የእግር ድምፅ ተሰማ፣ ግን አልተከፈተም። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ መንገዱን ይዛ ወደ ለቡ ወረደች፤ በር ባገኘች ቁጥር ታንኳኳለች፣ ውሻ አለን ይሏታል፣ ውሻ አንወድም ይሏታል፣ አንዳንዱ በቀዳዳ አይቶ ዝም ይላል። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰማያዊ በር ተከፈተላት። ወጣት ሴት ናት፣ ልጅ ያዘለች። ቅርጫቱን አይታ ምንድን ነው የምትሸጪው እማማ አለቻት።

«አልሸጥም ልጄ» አለች ተሾመች። ነጠላውን ገለጠችው። «እናታቸው ሞታ ነው።»